ጄኖዋ ከ130 ዓመት በላይ ሲኖር የእኛ ክለቦች በየበጀት ዓመቱ የሚንገዳገዱት ለምንድን ነው?

ዛሬ ስለ ኳስ ልናወራ ነው። "በዚህ ጊዜ ደግሞ ኳስ?" የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ነገሩ ግን ኳስ ብቻ አይደለም፤ የሕዝብ ገንዘብና የወጣት ተስፋ ጉዳይ ነው፤ "የእኛ" የምንለው ነገር በእርግጥ የማን እንደሆነም የሚጠይቅ ነው።

ከራሳችን ደጅ እንነሳ። አፄ ምኒልክ ለዓድዋ ዘመቻ የሸዋን ጦር ጥቅምት 1888 ዓ.ም. ላይ ያከተቱት እዚሁ ወረኢሉ ነው። በዚያው ሰሞን፣ ሊወጋን በተነሳው አገር ውስጥ፣ ጄኖዋ በምትባል የወደብ ከተማ ገና ሁለት ዓመቱን የደፈነ ክለብ ነበር። ያ ክለብ ዛሬም አለ። ዛሬም ሴሪኣ ላይ ይጫወታል። እኛ ዘንድ በዚህ መካከል ስንቱ ክለብ ተቋቋመ፣ ስንቱስ ፈረሰ?

የጄኖዋን ታሪክ ባጭሩ እንይ። (የጣሊያኑን እ.ኤ.አ.፣ የእኛን በዓ.ም. እንጠቅሳለን።)

ክለቡ መስከረም 7 ቀን 1893 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የጣሊያኖች አልነበረም። በከተማዋ ይኖሩ የነበሩ እንግሊዞች ለክሪኬትና ለአትሌቲክስ ያቋቋሙት የእንግሊዝ ማኅበር ነበር። ጣሊያኖችን በአባልነት አይቀበልም ነበር። በሩን ያስከፈተው ጄምስ ስፔንስሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። የእግር ኳሱን ክፍል አደራጀ፤ የከተማው ልጆችም አባል እንዲሆኑ ተደረገ። ከዚያ በ1898 አራት ቡድኖች ቱሪን ላይ በአንድ ቀን ባደረጉት የመጀመሪያው የጣሊያን ሻምፒዮና ጄኖዋ ዋንጫውን በላ። እስከ 1924 ድረስ ዘጠኝ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ።

ከ1924 ወዲህስ? አንድም የሊግ ዋንጫ የለም! መቶ ዓመት አለፈ። በመሐሉ ፋሺስቱ መንግሥት "ስሙ እንግሊዝኛ ይሸታል" ብሎ በ1928 "ጄኖቫ 1893" አሰኘው፤ የቀድሞ ስሙ የተመለሰለት ከጦርነቱ በኋላ ነው። በ2005 በጨዋታ ማጭበርበር ተከሶ ወደ ሦስተኛው እርከን ተጣለ፤ በ2007 ሴሪኣ ተመለሰ። በ2021 ሰቨን ሰቨን ሰቨን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው፤ በ2022 ወረደ፣ በ2023 ወጣ። በ2024 ራሱ ገዢው ኩባንያ ተንኮታኮተ፤ በዓመቱ መጨረሻ ዳን ሹኩ የተባሉ ሮማኒያዊ ባለሀብት የክለቡን የባለቤትነት ድርሻ ያዙ።

ልብ በሉ፦ ባለቤት ሄደ፣ ባለቤት መጣ፤ ክለቡ ግን ከነስሙ አለ። ስታዲየሙም በ1911 የተከፈተው ያው ሜዳ ነው። ለምን ቢባል፣ ክለቡ የእንግሊዞች ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ እነሱ ሲሄዱ አብሮ ይሄድ ነበር። የከተማው ሰው ስለወረሰው ቆመ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ።

ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ነው፤ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ናቸው የመሠረቱት። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ክለቡ አምስት ወር ሳይሞላው ወረራ ደረሰበት ማለት ነው። ፋሺስቱ ኳሱንም በቀለም ለየው፦ ነጭ ከነጭ፣ አበሻ ከአበሻ። የጊዮርጊስንም ስም "ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር" አለው። ሊቶሪዮ የፋሺስቱ ምልክት ስም ነው። ጄኖዋን በገዛ አገሩ ስሙን የቀየረ መንግሥት አዲስ አበባ ላይም ያንኑ ደገመው። ሁለቱም ክለቦች ግን ስማቸውን አስመለሱ።

ከነጻነት በኋላ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ነበሩ፦ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። ዛሬ ከአምስቱ በሊጉ ያለው ማን ነው? ጊዮርጊስ ብቻ። የቀሩት ጎበዝ ተጫዋች አጥተው አይደለም ከሊጉ የጠፉት። የአንድ ማኅበረሰብ ወይም የአንድ ጦር ቡድን ስለነበሩ፣ ባለቤቱ ሲሄድ ወይም ሲመናመን ቡድኑም አብሮ ሄደ። ጄኖዋ የከፈተውን በር አልከፈቱም።

ቀጥሎ የመጣው የመሥሪያ ቤት ክለብ ዘመን ነው፤ የጦሩ መቻል፣ የፖሊሱ ኦሜድላ፣ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ፣ መብራት ኃይል፣ መድን፣ ባንኮች። ይህን ዘመን መናቅ አይገባም። ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። አሥመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት፤ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ተጫዋች። በዚያ ፍጻሜ እሱም፣ ወንድሙ ኢታሎም አግብተዋል። መስከረም 2015 ዓ.ም. ሮም ላይ አረፈ። ፋብሪካ ያቀፈው ልጅ የአገር አምበል ሆነ ማለት ነው።

ግን የመሥሪያ ቤት ክለብ ዕድሜው በመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ላይ ነው። ደደቢትን አስታውሱ፦ በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን፣ በ2011 ወራጅ፣ ከዚያ የለም። ንግድ ባንክ የወንዶች ቡድኑን በትኖ፣ ቆይቶ እንደገና አቋቁሞ፣ በ2016 ዓ.ም. ዋንጫ በላ። ደስ ይላል፤ ግን ክለቡ ሲፈርስም ሲቋቋምም ደጋፊው ተጠይቆ ነበር ወይ?

አሁን ያለንበት ዘመን ደግሞ የ"ከነማ" ነው። ቃሉ ሲፈታ እኮ "የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር" ነው! በስሙ ባለቤቱ ነዋሪው ነው። በተግባር ግን የአብዛኞቹ ገንዘብ የሚመጣው ከከተማ አስተዳደር በጀት ነው። ሰኔ በመጣ ቁጥር የክለቡ ዕጣ ፈንታ ከውሃውና ከመንገዱ ጋር ተሰልፎ ፊርማ ይጠብቃል። ከንቲባ ሲቀየር ቦርዱ ይቀየራል፤ ቦርዱ ሲቀየር አሠልጣኙ ይባረራል። ደመወዝ ሲቋረጥ ተጫዋች ልምምድ ያቆማል፣ ክስ ይመጣል። ይህን በየዓመቱ የምንሰማው ነው።

ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የአገሪቱ ሻምፒዮን ነበር፤ በ2014 ወረደ። አራት ዓመት ብቻ! ቅርባችን ወልዲያ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ዘመናዊ ስታዲየም ተመረቀላት፤ ክለቧ በ2010 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ስታዲየሙ ቀረ፣ ቡድኑ ሄደ። ሲሚንቶ ብቻውን ክለብ አይሆንም።

የተጫዋች ደመወዝን ለመገደብም ተሞክሯል፤ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ክለቦች የወር ጣሪያውን 50 ሺህ ብር ለማድረግ ተስማምተው ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ግን ገንዘቡ ከራሱ ኪስ የማይወጣ ኃላፊ ለምን ይቆጥባል? በሽታው ያለው እዚህ ላይ ነው።

በሌላ በኩል የሚነሳውን ክርክርም እንስማ። "ድሃ ከተማ ነን፤ መንግሥት ካልደገፈ ማን ይደግፋል? ኳስ እኮ ለወጣቱ እንደ ትምህርት ቤት ነው" የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። እኛም መንግሥት እጁን ይሰብስብ አላልንም። ሌላም ሐቅ አለ፦ በ2013 ዓ.ም. ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምሩ ክለቦቹ በየተመረጠው ከተማ እየተሰባሰቡ መጫወት ጀመሩ። የባሕር ዳሩ ደጋፊ ቡድኑን ለማየት ሐዋሳ ወይም አዳማ መውረድ ካለበት፣ የመግቢያ ገቢው ከየት ይመጣል? ደጋፊውንስ ማን ያሳድገዋል? በዚህ ሁሉ መሐል ፋሲል ከነማ በ2013 ሻምፒዮን መሆኑ ያስመሰግነዋል።

ስለዚህ የእኛ ድምዳሜ ይህ ነው፦ ጥያቄው "መንግሥት ይክፈል ወይስ አይክፈል" አይደለም። ጥያቄው "መንግሥት መክፈል ያቆመ ዕለት ክለቡን የሚያነሳ ሰው አለ ወይ?" ነው። ጊዮርጊስም ቡናም ስፖንሰር አላቸው፤ ግን ስፖንሰሩ ቢሄድ "ክለቤ" ብሎ የሚወጣ ሕዝብም አላቸው። ልዩነቱ እሱ ነው።

ይህ ለወረኢሉ፣ ለመካነ ሰላም፣ ለከላላ፣ ለጃማ ምን ይጠቅማል? እኛ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ የለንም፤ ለጊዜውም አያስፈልገንም። ልጆቻችን ግን አሉ። ማሊያቸው ላይ ሚላንና አርሴናል ተጽፎ፣ የሚጫወቱበት ሜዳ ግን ክረምት ሲገባ ጭቃ፣ በጋ ሲሆን አቧራ የሆነ ልጆች። ነገ አንድ ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት መጥቶ "ክለብ ላቋቁምላችሁ" ቢል እሰየው እንላለን። ግን በ"ላችሁ" የተቋቋመ ነገር ሰጪው ሲሄድ ይሄዳል።

ለወሎ ሰው ይህን ማስተማር አያስፈልግም። ቅሬያችን ስንት ዘመን ቆየ? በጀት ማን መደበለት? ማንም። ሁሉም በአቅሙ ያዋጣል፣ ዳኛው በሰው ፊት ሒሳቡን ያሳያል፣ ያልመጣ ይጠየቃል። አንድ የሰፈር ቡድን በዚህ ሥርዓት ቢያዝ፣ መዋጮው ትንሽ፣ አባሉ ብዙ፣ ሒሳቡ ግልጽ፣ ሜዳው በሕግ የተከለለ ቢሆን፣ ከንቲባ ቢቀየርም የሚሰነብት ነገር ይኖረናል። መንግሥት መሬቱን ይከልልልን፣ ሜዳውን ይደልድልልን፤ ቡድኑን ለእኛ ይተውልን።

ጄኖዋ መቶ ዓመት ያለ ሊግ ዋንጫ የኖረው የከተማው ሰው ስላልተወው ነው። ዋንጫ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰው ከቀረ ክለብ ይቀራል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በሰፈራችሁ ያለው ሜዳ በምን ሁኔታ ላይ ነው? ቡድኑንስ ማን ይደጉመዋል? በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን፤ እናነበዋለን። ቸር ያሰማን።