ትሪው ውስጥ ምን እንሙላ?
(አስተያየት፤ ከ8ኛ ክፍል)

ዛሬ ስለ ችግኝ ማፍያ ትሪዎቻችን አስተያየት ይዤ መጥቻለሁ። ትሪዎቹን ያላያችሁ ካላችሁ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ባዷቸውን ናቸው። ምን እንደምንሞላባቸው ክበባችን እስካሁን አልተስማማም።

የቀረቡት ሐሳቦች ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ አምና ከጎመን ችግኝ ሽያጭ ባገኘነው ገንዘብ ከባሕር ዳር የታሸገ የውጭ አገር ማፍያ እንግዛ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ምን አደከመን፣ ከግቢያችን ጥቁር አፈር ዝቀን እንሙላ የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከጣና የሚወጣውን እምቦጭ በነፃ እናምጣ ይላል። እኔ ሦስቱንም አልደግፍም።

በመጀመሪያ ግን “ትሪ ምን ያደርጋል? ወላጆቻችን በመደብ አይደል እንዴ የሚያፈሉት?” ለሚሉት ትንሽ ልበል። እውነታቸውን ነው፣ ለሽንኩርት እኔም መደብ እመርጣለሁ። ካሮትማ ጭራሽ ተነቅሎ አይተከልም፣ የሚዘራው እዚያው የሚያድግበት ቦታ ላይ ነው። ቲማቲም፣ ቃሪያና ጥቅል ጎመን ግን ከመደብ ሲነቀሉ ሥራቸው ይበጣጠሳል፤ ማሳ ላይ ከተተከሉ በኋላም እስኪያገግሙ ጠውልገው ይሰነብታሉ። ትሪ ላይ እያንዳንዱ ችግኝ የራሱ ጎጆ ስላለው ከነአፈሩ መዝዞ መትከል ነው። የተዳቀለ የቲማቲም ዘር ደግሞ ውድ ስለሆነ እንደ ጎመን ዘር አይበተንም፣ በፍሬ እየተቆጠረ ነው የሚዘራው።

ወደ ጥቁሩ አፈር ልምጣ። ማሳ ላይ ጤፍ የሚያበቅል አፈር መሆኑን ማንም አይክድም። ትሪ ውስጥ ሲገባ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ለምን? ቤታችሁ ይህን ሞክሩ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውኃ ውስጥ ንከሩና በጠፍጣፋው አግድም ይዛችሁ አውጡት። መንጠባጠቡን እስኪያቆም ጠብቁ። አሁን ሳትጨምቁት በቁሙ አዙሩት። እንደገና ይንጠባጠባል! ስፖንጁ ያው ስፖንጅ ነው፤ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። ሲያጥር ውኃውን ይዞ ይቀራል፣ ሲረዝም ይለቃል። የማሳ አፈር ወደ ታች ጥልቅ ስለሆነ ውኃው የሚሄድበት አለው። የትሪው ጉድጓድ ግን ከጣታችን የሚያጥር ነው። ደቃቅ አፈር ሲሞላበት ከላይ እስከ ታች ጠጥቶ ይቀመጣል፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ ፈንገስም ይመጣና ችግኙ አንገቱ ላይ በስብሶ ድፍት ይላል። ሲደርቅ ደግሞ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። አንዳንዶች “እንግዲያው ከደብሩ ዛፎች ሥር ያለውን ለስላሳ አፈር እናምጣ” ብለዋል። ይሄንንስ ባናነሳው ይሻላል። በአካባቢያችን የአገር በቀል ዛፍ መጠጊያ ሆኖ የቀረው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ የእሱንም አፈር ዝቀን ምን ልንሆን ነው?

የታሸገው ማፍያ መጥፎ ነው አልልም። ጥሩ ነው፤ ቀላል ነው፣ ውኃ ይይዛል፣ አየርም አይነሳም። ፒት ሞስ የሚባለው ከቀዝቃዛ አገሮች ረግረግ ተቆፍሮ የሚወጣ ነው። እዚህ ጣና ዳር ደንገል ውኃ ውስጥ ወድቆ እንደሚከማቸው፣ እዚያም የረግረግ ተክል በደንብ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት ይደራረባል። የሚጨምረው በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ አንድ ክንድ ለመቆለል ስንት መቶ ዓመት እንደሚፈጅ አስሉት። ኮኮ ፒት የሚባለው ደግሞ የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ ነው፤ ህንድና ስሪ ላንካ በብዛት ያመርቱታል። ሁለቱም በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ናቸው። እሺ ዘንድሮ ገዛን እንበል፤ ከርሞስ? ከሁሉ በላይ ግን ችግኝ የሚገዙን ወላጆቻችን ናቸው። አይተው ቤታቸው ሊሠሩት የማይችሉትን ነገር ብናሳያቸው ምን ጠቀምናቸው?

እምቦጩ ላይ በጣም ነው የምቃወመው፤ ጓደኞቼ አትቀየሙኝ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣና ላይ ያደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። ስንት ሰው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ነበር! ተነቅሎ እዚያው ባለበት ቢበሰብስና ማዳበሪያ ቢሆን መልካም ነው። ዘሩ ግን ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። እኛ ያለነው ደግሞ ዓባይ ከጣና ወጥቶ በሚወርድበት፣ ፏፏቴው ሥር ነው። ጥሬውን በጆንያ አምጥተን ዝናብ ቢያጥበው ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። በነፃ የተባለው ነገር ከሁሉ የተወደደ ሊሆን ነው ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ ፎገራ አለ፣ የሩዝ አገር። ወረታ ወፍጮ ቤቶች ደጅ የሩዝ ገለፈት ተቆልሎ ታያላችሁ። ጥሬው ውኃ አይዝም፤ ሲከስል ግን ቀላልና አየር የሚያስገባ ይሆናል። ጥቁር ሲሆን ቶሎ ውኃ አርከፍክፎ ማጥፋት ነው፤ አመድ እስኪሆን ከተተወ ችግኙን ይጎዳል። (እሳቱን ቲቸር ይዘውት እንጂ እኛ ብቻችንን አይሆንም።) ከእሱ ጋር ከጤፍ እብቅ፣ ከቅጠልና ከከብት ፍግ የተሠራ ብስባሽ፣ የታጠበ የወንዝ አሸዋም ይጨመራል። እኔ 2 እጅ ብስባሽ፣ 1 እጅ ገለፈት፣ 1 እጅ አሸዋ ባይ ነኝ። ብስባሹ በወንፊት ይነፋ፤ እጅ ሲገባበት የሚሞቅ ወይም ፍግ ፍግ የሚሸት ከሆነ ገና ነው፣ ሥር ያቃጥላል። ከእንጨት ቤት ትኩስ ሰጋቱራ ማምጣትም አይጠቅም። ሰጋቱራውን የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ሕያዋን ናይትሮጅኑን ለራሳቸው ይወስዱታል፤ ችግኙ ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

እኔን ብቻ እመኑ አልልም። አንዱን ትሪ በጥቁር አፈር፣ አንዱን በብስባሽ ብቻ፣ አንዱን እኔ ባልኩት ድብልቅ እንሙላ። ዘሩ አንድ ዓይነት፣ ቀኑ አንድ ቀን፣ ውኃውም እኩል ይሁን። 5ኛና 6ኛ ክፍሎች በተራ ያጠጡ፤ የበቀለውንና የወደቀውን ቆጥረን ሰሌዳ ላይ እንለጥፍ። ውጤቱ እኔን ከተቃወመ በሚቀጥለው እትም እሱኑ ጻፉበት።

ገንዘቡ ለሁለት ጆንያ ገለፈት መጫኛና ለዘር ቢወጣ ይተርፋል። በተረፈው ውኃ ማጠጫ ይገዛልን፤ ያለችን አንዷ ከሥሯ ታንጠባጥባለች።