ከሰሉ ደጅ ይደር

ዛሪማ ላይ ሱቅ ከፍቶ ጓንት ልሽጥ የሚል ሰው ቢነሣ ባመቱ ከስሮ ይዘጋል። አገሩ ቆላ ነውና ሰው የሚሸሸው ፀሐይን እንጂ ብርድን አይደለም። ከዚያው ከዛሪማ ተሳፍሮ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የወጣ ተማሪ ግን ደባርቅ ሲደርስ ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ነገሩ ምሥጢር የለውም። ሽቅብ በተወጣ ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል፤ ደባርቅ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከእርሷ በላይ ያለው የስሜን ተራራ እስከ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ይዘልቃል። አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው ከከፈሉ በኋላ ከሁሉ በላይ ያለውን «ውርጭ» ብለው መሰየማቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

እኛ ከቆላ ወጥተን በደጋ የምንማር ተማሪዎች ስለ እጅ ብርድ ስንጽፍ «ይህም ቁም ነገር ሆኖ ነው?» የሚሉን ወንድሞች እንደሚኖሩ እናውቃለን። ስለ ሰላም፣ ስለ መሬት፣ ስለ ሥራ ማጣት ሊጻፍበት የሚገባ ገጽ ለጣት ብርድ ይባክናልን? መልሳችን አጭር ነው። በዚሁ በብርድ ሰበብ ሰው ይሞታል። የሚገድለው ግን ብርዱ ራሱ ሳይሆን ከብርዱ ለማምለጥ ብለን ወደ መኝታ ክፍል የምናስገባው ከሰል ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እናቅና። ከፈረንጅ መጻሕፍት እየተረጐምን «የክረምት ብርድ» የምንለው ለኛ አገር አይስማማም። የኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፤ ሌሊት ደመናው እንደ ጋቢ ሆኖ የምድሩን ሙቀት ይይዛል። ጣት የሚያቆረፍደው ብርድ የበጋው፣ ይኸውም ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብቱ ሲያበሩ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ላይ ትበትነዋለች፤ ሲነጋ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይገኛል። «ዝናቡ አልፎ ፀሐይ ወጥቷል» ብሎ ሹራቡን ለታናሽ ወንድሙ የላከ ተማሪ በኅዳር መጸጸቱ አይቀርም።

አሁን የኪራይ ቤት ልማዳችንን እንመልከት። ሁለት ሦስት ሆነን አንድ ክፍል እንከራያለን። ማታ ከሰል ይቀጣጠላል፤ ቡና ይፈላል፤ እጅ ከፍሙ ላይ ይዘረጋል፤ ጨዋታው ይደራል። በሩ ተከፍቶ እስከሆነ ድረስ ይህን ማንም አይነቅፍም። ነገሩ የሚበላሸው የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ነው። «ፍሙ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል» ተብሎ ማንደጃው ከአልጋው አጠገብ ይቀራል፤ በሩ ይቆለፋል፤ በመስኮቱ ቀዳዳ ጨርቅ ይወተፋል። ዳሩ ግን ጭሱ መጥፋቱ አደጋው መጥፋቱ አይደለም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዐይን አይቆጠቁጥም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኀይል አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው አየር እየሳበ ይታፈናል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። ተማሪ ደግሞ ይህን ሁሉ በረኀብና በጥናት ብዛት ያመካኛል። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ግን የሚያመካኝበት ጊዜ እንኳ አያገኝም፤ ከእንቅልፉ ሳይነቃ ያልፋል።

ይህን የምናነሣው ለማስፈራራት አይደለም። መድኃኒቱ ማንደጃውን አውጥቶ በር ላይ ማስቀመጥ ስለሆነ ነው። ከፍም አጠገብ ሆኖ ራሱ የዞረበት ሰው ወዲያው ወደ ደጅ ይውጣ፤ ጓደኛውንም ይዞ ይውጣ። ራሱን የሳተ ካለ ሳይዘገይ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

«ታዲያ እጃችን ደርቆ ይቅር?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። እጅ የሚቀዘቅዘው እጅ ስለተራቆተ ብቻ አይደለም። ገላ ሲበርደው ሰውነታችን ልብንና ሌላውን የውስጥ አካል ለማዳን ሲል ወደ ጣት የሚወርዱትን የደም ሥሮች ያጠብባል። ጣት የራሱ ጡንቻ እምብዛም ስለሌለው ሙቀቱን የሚያገኘው ከሚመጣለት ደም ነው። ጀርባው ተራቁቶ እጁን ብቻ ከእሳት ላይ የሚዘረጋ ሰው እንግዲህ ምንጩን ደፍኖ ከቦዩ ውሃ የሚጠብቅ ገበሬ ይመስላል። መጀመሪያ ደረት፣ አንገትና ራስ ይሸፈን፤ ከዚያ ጣት የድርሻውን ያገኛል።

ለዚህ ጋቢን የሚያህል የለም። ጋቢ ለብሶ ቤተ መጻሕፍት መግባት ባላገርነት ነው ብለው የሚያፍሩ ወንድሞች አሉን፤ ስስ ጃኬት ደርበው ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ሲያጠኑ እናያቸዋለን። ጋቢ አራት እጥፍ ጥጥ ነው፤ በእጥፋቱ መካከል አየር ይይዛል፤ የሚያሞቀንም ይኸው ሳይንቀሳቀስ የተያዘው አየር ነው። ሁለቱን እጁን ከጋቢው ሥር አስገብቶ በብብቱ ያቀፈው የስሜን እረኛ ፊዚክስ ሳይማር ከማንደጃ የሚበልጥ ማሞቂያ አግኝቷል።

ጓንት የሚገዛም ሰው መርጦ ይግዛ። አምስት ጣት ያለው ጓንት ጣቶቹን ለየብቻቸው ስለሚያስቀራቸው አራቱን ጣት ባንድ ከረጢት የሚይዘው ይበልጣል፤ ጣት ለጣት ይሞቃልና። በእርሱ መጻፍ አይቻልም፤ ስለዚህ ለመንገድ እርሱ፣ ለማስታወሻ ደግሞ ጫፉ የተቆረጠው ይሁን። ከሁሉ ይልቅ እጅ ደረቅ ይሁን። ውሃ ከቆመ አየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀትን ከገላ ይወስዳል። ልብሱን ንጋት ላይ የሚያጥብ ተማሪ እስከ ቀትር ቢታገሥ ምን ይጐድልበታል? እፍ እያሉ እጅን ማሞቅም ትንፋሹ እርጥበት ጥሎ ስለሚሄድ የሚረዳው ለቅጽበት ብቻ ነው።

አረቄ ያሞቃል የሚሉም አልጠፉም። አረቄ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ፊት ይግላል፤ የውስጡ ሙቀት ግን በዚያው በር ይወጣል። ሞቀኝ ያለው ሰው እየቀዘቀዘ ነው። (ለሌላ ምክንያት የሚጠጣውን በዚህ ጽሑፍ አንነካውም።) በአረቄው ፋንታ ለብ ያለ ውሃ በሃይላንድ ሞልቶ፣ ካልሲ አልብሶ፣ ከብርድ ልብስ ውስጥ ማቀፍ ይሻላል። የፈላ ከሆነ ግን ላስቲኩ ይልፈሰፈሳል። እጅ ደንዝዞ ስሜት ካጣም ወደ እሳት አይቅረብ፤ ሲቃጠል አያውቀውም። አይታሽም፤ ለብ ባለ ውሃ ቀስ ብሎ ይሙቅ።

እስከዚህ የጻፍነው ጋቢ ላለው ሰው ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይና ዛሪማ ሲደርስ ልጆቹን ይዞ ሽቅብ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት የተሰደደው የቆላ ሰው ግን ለደጋ የሚሆን ልብስ ከየት ያመጣል? እንዲህ ላለው ሰው «ደረትህን ሸፍን» ማለት ምክር አይሆንም፤ የሚሸፍንበት ያስፈልገዋል። ስሜን ደግሞ የበግ አገር ነው። የበግ ጠጉር ረጥቦ እንኳ ከጥጥ የተሻለ ሙቀት ይይዛል፤ ከዚሁ ጠጉር የተሠራ ቆብም በፓርኩ መንገድ ዳር ለጐብኚዎች ሲሸጥ ኖሯል። ቆቡን የሚሸጠው ልጅ ራሱ እጁ ባዶ መሆኑን ልብ ያልነው ስንቶቻችን ነን?

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛው፣ ውርጩ ሳይገባ በጥቅምት ከያንዳንዳችን ጥቂት ብር ይዋጣና ከስሜን ገበሬ የተፈተለ የበግ ጠጉር ይገዛ። ኪሮሽና ሹራብ መሥራት የሚያውቁ እኅቶች ያስተምሩን፤ ወንዶቹም እንማር፤ ጣታችን አይሰበርም። የሚሠራው ጓንት መጀመሪያ ነጠላ ብቻ ይዘው ለሚመጡት የቆላ አዲስ ገቢዎች፣ የተረፈው ለከብት ጠባቂ ልጆች ይታደል። ሁለተኛው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ከ3 ሰዓት ጀምሮ በተማሪ ኪራይ ቤቶች እየዞረ «ከሰሉ ወጥቷል?» ብሎ የሚጠይቅ ተረኛ ይመደብ። በር ማንኳኳት የሚያሳፍረው ካለ ተራውን ለኛ ይስጠን፤ በርሱ ፋንታ እኛ እንዞራለን።