«ቲቸር፣ ከተማው የታለ?»

ባለፈው ሳምንት በሜሴንጀር አንድ መልእክት ደረሰኝ። ላኪዋ እዚሁ ጭሮ ያስተማርኳት ልጅ ናት። አሁን አውሮፓ ትኖራለች፣ የሁለት ልጆች እናት ሆናለች። «ቲቸር፣ በታህሳስ እንመጣለን። ቁልቢ ስዕለት አለብኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ግማሽ ቀን ትተርፈናለች። ለልጆቼ ጥንታዊ ነገር ማሳየት እፈልጋለሁ፤ የት ልውሰዳቸው?» ትላለች። ለብቻዋ ልመልስላት ጀምሬ ነበር። ግን ይሄን ጥያቄ በየዓመቱ ከብዙዎቻችሁ እሰማዋለሁ። ደግሞም በዚህ ጉዳይ ላይ የቆየ ዕዳ አለብኝ። እዚሁ ለሁላችሁ ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

መልሴ አጭር ነው፦ ሐርላ። ሐርላ ብቻ።

«ሐረርስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሐረርን ማን ይጠላል! ጀጎል እኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ 82 መስጊዶች ያሉበት ከተማ ነው። ለዚህ ነው በግማሽ ቀን አትሂዱ የምለው። ሐረር ታድሮባት፣ ማታ ጅቡ ሲበላ ታይቶ፣ ጠዋት በየመንደሩ በእግር ተዙሮ ነው። በሁለት ሰዓት የሚደረገው በሩ ላይ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ነው። እሷን ለሌላ ጊዜ አስቀምጡልኝ።

ሐርላ ግን መንገዳችሁ ላይ ናት። ሂርናን፣ ቆቦን፣ ጨለንቆን፣ ቁልቢን አልፋችሁ ደንገጎ ስትደርሱ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ወደ ሐሮማያና ሐረር፣ ሌላው ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ። ቁልቁለቱን ይዛችሁ ስትወርዱ፣ ድሬዳዋ ልትገቡ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ናት። ስንቶቻችን ነን ቀንበጥ እየቀነጠስን፣ ወይ እንቅልፋችንን እየለጠጥን ስንት ጊዜ ያለፍናት!

ስለ ሐርላ ሰዎች እኛ ሐረርጌዎች ያልሰማነው ተረት የለም። ግዙፎች ነበሩ፣ ያን ሁሉ ድንጋይ በእጃቸው ያነሱት ነበር ይባላል። ገበሬው ሲያርስ የሸክላ ስባሪና የማያውቀው አገር ሳንቲም ያገኝ ነበርና ተረቱ ከመሬት አልበቀለም አይባልም። በ2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ ቡድን ከቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ መቆፈር ጀመረ። በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በዓለም ዜና ላይ ወጣ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የመቃብር ቦታ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ፣ ከየመን፣ ከቻይና፣ ከማልዲቭስና ከማዳጋስካር የመጡ ዕቃዎች፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲሞች። አጽሞቹም ሲታዩ ቁመታቸው እንደኛው ነው። ለእኔ ከግዙፎቹ ይልቅ ይሄ ይገርማል። እንደኛው ያለ ሰው ነው እዚያ ተራራ ጥግ ተቀምጦ ከህንድ ውቅያኖስ ማዶ የመጣ ዛጎል ሲገዛና ሲሸጥ የኖረው።

አሁን ወደ ዕዳዬ። ይቺው ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች፣ ገና ቁፋሮ የሚባል ነገር ሳይጀመር፣ አንድ አውቶቡስ ተከራይተን ተማሪዎቼን ይዤ ወጥቼ ነበር። የጉዞውን ፕሮግራም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ማንንም አላማም። በአንድ ቀን ጨለንቆ፣ ቁልቢ፣ ሐርላ፣ የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ፣ ከፊራ ገበያ፣ ሐረር። ስድስት! ከሰዓቱ ጋር ስንታገል ለሐርላ የቀረላት ሩብ ሰዓት ነበር። ልጆቹ ወርደው ዙሪያውን አዩ። ድንጋይ፣ ቁጥቋጦ፣ የሰው ማሳ። ይቺው ልጅ ቀረብ ብላ «ቲቸር፣ ከተማው የታለ?» አለችኝ። እጄን ወደ ኮረብታው ወርወር አድርጌ «ይሄ ሁሉ» አልኳትና «ግቡ፣ ግቡ፣ መሸ!» እያልኩ ወደ አውቶቡሱ ነዳኋቸው። ያኔ የታወቀው ነገር ጥቂት ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ ግን የማውቀውንም ጥቂት አልነገርኳቸውም።

መልእክቷ ውስጥ ይሄን አላነሳችም፤ ጨዋ ናት። ያነሳችው ሌላ ነገር ነው። አምና ክሩዝ በሚባለው የመዝናኛ መርከብ ከቤተሰቧ ጋር ሄዳ፣ ቱርክ አገር ኩሻዳሲ ወደብ ላይ ለጥቂት ሰዓት ወርደው ኤፌሶንን አይተዋል። ያቺን ጳውሎስ መልእክት የጻፈላትን ኤፌሶን። ከወደቡ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መርከቡ የዘገየ ሰው አይጠብቅምና ሁሉም ሰዓቱን እያየ ነው የሚሄደው። እሷ ግን ከሳምንት በፊት ጀምራ ለልጆቿ እያነበበችላቸው፣ ከዚያ ሁሉ ፍርስራሽ የሴልሰስ ቤተ መጻሕፍትንና ትልቁን ቴአትር ብቻ መርጣ ሄደች። «ልጆቼ እስከዛሬ ያወሩታል» ትላለች። እኔ በስድስት ቦታ ያልቻልኩትን በሁለት ቦታ ችላዋለች።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ልጄ። ኤፌሶን ላይ የቆመ ነገር አለ፣ ዓምዱ ራሱ ይናገራል። ሐርላ እንደዚያ አትጠብቂ። ተመራማሪዎች የቆፈሩትን አጥንተው መልሰው መድፈናቸው የተለመደ ነው። መንደሩም በፍርስራሹ ላይ ነው ያለው፤ የጥንቱን ድንጋይ አጥር ውስጥ ተክቦ ታገኚዋለሽ። ያልተነገረው ሰው «ለዚህ ነው የመጣነው?» ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ ጉብኝቱ ሐርላ ስትደርሱ አይጀምርም፤ መኪና ውስጥ ነው የሚጀምረው። ከሂርና እስከ ደንገጎ ያለውን መንገድ ስለ ነጋዴዎቹ፣ ስለ ዶቃው፣ ስለ መስጊዱ አውሪላቸው። የዓለም ካርታ ያዢና ቻይናን፣ ግብፅን፣ ማዳጋስካርን በጣታቸው ያሳዩሽ።

ቀኑን በተመለከተ፦ በ19 ወይም በማግስቱ አይሆንም። የቁልቢ ተመላሽ መኪና መንገዱን ይዘጋዋል፤ ሁለት ሦስት ቀን አሳልፊ። ከጭሮ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከተነሳችሁ ቁርስን ሂርና ጨምሮ አራት ሰዓት ተኩል ግድም ሐርላ ናችሁ። አስቀድመሽ ለድሬዳዋ ባህልና ቱሪዝም ደውይ። ስትደርሱም መጀመሪያ የመንደሩን ሽማግሌዎች ሰላም በሉ። ማሳው የሰው ማሳ ነው፣ መቃብሩም መቃብር ነው። ልጅሽ ዶቃ አግኝቶ ኪሱ ሊከት ቢል፣ አይቶ ወደነበረበት ይመልሰው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ የተገኘ ቅርስ ለባለሥልጣኑ እንዲነገር ያዛል። አዋጁ ባይኖርም፣ ያለፈ ያገደመው አንዳንድ ዶቃ ቢያነሳ ለልጅ ልጆቹ ምን ይተርፋል?

«ለመሆኑ የራሳችን ጨርጨር ምን አላት?» የሚለኝ አይጠፋም። አላት እንጂ! አባ አዛይስ የሚባሉ ፈረንሳዊ ካፑቺን ከሻምባር ጋር ሆነው የሐረርን አውራጃ ዞረው ያዩትን በ1931 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ አሳትመዋል። ሮዤ ዡሶም ደግሞ በ1970ዎቹ የጨርጨርን የጥንት የድንጋይ ክምር መቃብሮች አጥንቷል። ስለ እነሱ ለብቻው እጽፋለሁ፤ አሁን ከጨመርኩት ያው የስድስቱ ቦታ ሰውዬ ሆንኩ ማለት ነው።

ሾፌር አግኝቻለሁ፣ ታህሳስ 23 ጠዋት። እኔም እመጣለሁ። መንገዱን ሙሉ የማወራው እኔ ነኝ፤ ሐርላም ሦስት ሰዓት ሙሉ እንቆማለን። ጥያቄሽን ኮረብታው ላይ ቆመን እንደገና ጠይቂኝ። ሚኒባሷ ውስጥ አራት ወንበር ይተርፋል፤ በዚያ ሰሞን ጭሮ የምትሆኑ የድሮ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቅድሚያ የዚያ አውቶቡስ ልጆች።