ከሱቁ ጀርባ ያለው ግቢ

የከተማ ፕላን በተከለሰ ቁጥር ሳይነሣ የማያልፍ አንድ ሐሳብ አለ፤ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው የመኖሪያ ይዞታ ወደ ንግድ ይቀየር የሚል። ፕላኑ ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ቢጫ የነበረው ቀይ ይቀባል፣ ምክር ቤቱ እጁን ያወጣል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ይጽፋል። ከደብዳቤው በኋላ የሚሆነውን ግን ቀለሙን የቀየረው ባለሙያ አያየውም፤ የሚያየው በቦታው የሚኖረው ሰው ነው። የምሥራቅ ጎጃሞቹ የጁቤ፣ ቢቸናና ሞጣ ይህን ሐሳብ ከትልልቆቹ ከተሞች እንዳለ ከመቅዳታቸው በፊት የየራሳቸውን ግቢ ገብተው እንዲያዩ ልማጸን ነው የተነሣሁት። በእነዚህ ከተሞች ውስጥ መኖሪያና ንግድ ተለያይተው አያውቁም።

በተለይ የጁቤ። ዛሬ የባሶ ሊበን ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደቡብ፣ ፊቷን ወደ ዓባይ ሸለቆ መልሳ የተቀመጠች ከተማ። ማዘጋጃ ቤት ከመኖሩ፣ ፕላን የሚባል ነገር ከመሰማቱ በፊት ገበያ ነበራት። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጎጃም ሲመጣ የጁቤ ተቀምጦ ነው የባሶን ገበያ ንግድ የመዘገበው። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይሻገራል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይመጣል። ሰውም በዚያ ገበያ ይሸጥ ነበር። ይህን ነውር ዘልሎ ስለ ባሶ ታላቅነት ማውራት ተገቢ አይመስለኝም። ለዛሬው ጉዳይ የምፈልገው ግን ሌላውን ገጽ ነው። ያ ሁሉ ነጋዴና ያ ሁሉ ጭነት ከሰው ቤት ነበር የሚያድረው። የመኖሪያ ግቢ የገበያው ጓዳ ሆኖ ኖሯል።

አሁንም ያው ነው። በገበያ ቀን ከዋናው መንገድ ወደ አንዱ ግቢ ዞር ብሎ መግባት ነው። ፊት ለፊት በቆርቆሮ በር የተዘጋች አንዲት ክፍል ሱቅ አለች፤ ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ደብተር። በሱቁ ጎን ባለው ጠባብ መግቢያ ሲያልፉ ግቢው ይሰፋል። ከቆላ ማሽላና ኑግ ጭኖ የመጣ ገበሬ ጆንያውን ከግድግዳው ሥር ያወርዳል። «እትዬ፣ ይችን እዚህ ላኑራትና ዋጋውን ጠይቄ ልምጣ።» «አኑር ወንድሜ፤ አህያውንም ከጥላው ሥር እሰረው፤ ጌሾዬን ብቻ እንዳይበላብኝ።» እሱ እስኪመለስ አህያው ውኃ ይጠጣል። ሲመለስ የሸጠውን ቆጥሮ፣ አንድ ሁለት ጣሳ ጠላ ጠጥቶ፣ ለልጁ ደብተር ከፊት ካለችው ሱቅ ገዝቶ ይሄዳል። ገበሬው ጠላውን ከጠጣና ደብተሩን ከገዛ ስለ ማኖሪያው የሚጠይቀው የለም። ይህ ሁሉ ልውውጥ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ላይ «መኖሪያ» በሚል አንድ ቃል ነው የሰፈረው።

ግቢው እዚያ ላይ አያበቃም። ከጀርባ፣ ከሽንት ቤቱ ወዲህ፣ በጭቃ የተመረጉ ሁለት ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። የሚከራዩዋቸው ተማሪዎች ናቸው። የምሥራቅ ጎጃም የገጠር ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ወደ ከተማ ይመጣና ከአገሩ ልጆች ጋር ክፍል ተከራይቶ ይማራል። ዓርብ ከትምህርት በኋላ አገሩ ይገባል፤ እሑድ ማታ በሶውን፣ ሽሮውን፣ እንጀራውን ተሸክሞ ይመለሳል። በየጁቤ፣ በቢቸና፣ በሞጣም ይህ የታወቀ ኑሮ ነው። ከእነዚያ ልጆች ዶክተር፣ መሐንዲስና ዳኛ ሆነው የወጡ ብዙ ናቸው። ያቺ ክፍል ርካሽ የሆነችውና ለትምህርት ቤት የቀረበችው ቦታው መኖሪያ ተብሎ በመያዙ ነው። ንግድ የተባለ ዕለት ኪራይዋ የሚሰላው በሱቅ ዋጋ ነው፤ አለዚያም ፈርሳ መጋዘን ትሆናለች።

የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር እንዲይዝ ፈቅዶ ነበር። ዛሬ በከተሞቻችን መሐል የምናያቸው ሰፋፊ ግቢዎች ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዙ፣ ነባር ይዞታ የሚባሉት ናቸው። ባለቤቶቻቸው በአብዛኛው አሮጊትና ሽማግሌ ሆነዋል። ሀብታቸው ቦታው ነው፤ ጥሬ ገንዘብ የላቸውም። «ንግድ ነው» የሚለው ቀለም ሲመጣ ብቻውን አይመጣም። በብዙ ከተሞች እንደታየው ዋና መንገድ ዳር ያለ ሁሉ በደረጃው ይገንባ የሚል ትእዛዝ ይከተለዋል፤ ጂ ፕላስ ሁለት፣ ጂ ፕላስ ሦስት፣ በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ። በጠላ ሽያጭና በሰርቪስ ኪራይ የምትኖር እናት ፎቅ በምን ትሥራ? ባንኩ የማያቋርጥ ገቢ አሳዪኝ ይላታል። ቀነ ገደቡ ሲቃረብ ደላላው ይመጣል። ትሸጣለች።

የሽያጩን ውጤት ሕጉ ላይ ማየት ጥሩ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 እንደደነገገው ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ ነባርነቱ አይነካም፤ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ግን አዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ ይገባል። የሊዝ ዘመኑ ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው። ለንግድ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች 70፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 60 ዓመት ነው። እንግዲህ ያች እናት ለልጇ ብታወርሰው ኖሮ ያለ ዘመን ገደብ የሚቀጥል የነበረው ቦታ፣ ቀለሙ ተቀይሮ በጥድፊያ ሲሸጥ የ70 ዓመት የንግድ ሊዝ ይሆናል። ለእሷ የሚደርሳት በአንድ ጊዜ ተቆጥሮ የሚያልቅ ብር ነው። በዚያ ብር በከተማው ዳር ቦታ ልትገዛ ትችል ይሆናል፤ ገበሬውን፣ ጠላ ጠጪውንና ተማሪውን ግን ይዛቸው ልትሄድ አትችልም።

ይህ ያልታየ ነገር አይደለም። ጣሊያኖች አዲስ አበባን ሲይዙ የአርክቴክቶቻቸው የጉይዲና የቫሌ ፕላን ከተማይቱን በየአገልግሎቷና በየዘሯ ሊከፋፍል ተነሣ፤ ከጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያም ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ተወሰደ። የኛ ዘመን ሰው ደግሞ በመጋቢት 2016 ፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ በዓይኑ አይቷል። ከዚያ የተነሡት ብዙዎቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደዋል። ከቀበሌ ቤት ወጥተው መጸዳጃና ወጥ ቤት ያለው የጋራ መኖሪያ ቤት ያገኙ አሉ፤ ይህን መካድ አይገባም። እንጀራቸው በአላፊ አግዳሚ የቆመው ግን፣ ቡና አፍልታ የምትሸጠዋ፣ ጫማ ሰፊው፣ ቁርስ ቤት የነበራት፣ ቤቱን ሲያገኙ ደንበኛቸውን አጡ። አዲስ አበባ ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ናትና የተነሣው ሰው ሌላ ደንበኛ ይፈልጋል እንበል። በየጁቤ ግን ዋናው መንገድ አንድ ነው። ከሱ የራቀ ሰው ሁለተኛ መንገድ የለውም።

ሐሳቡን የሚያቀርቡት ወገኖች ያላቸውን እውነት አላንኳስስም። አንደኛው ገቢ ነው። ትንሽ ከተማ ለጥርጊያ መንገዷ፣ ለመብራቷ፣ ለቆሻሻ ማንሻዋ ገንዘብ ትፈልጋለች፤ ከመኖሪያ ቤት የሚሰበሰበው ኪራይ ደግሞ ምንም አይሞላም። ሁለተኛው ከዚያ ይከብዳል፤ እኔንም እንቅልፍ የሚነሣኝ እሱ ነው። ከተማው መሐሉን ካላጠጋጋ ወደ ጎን ይሰፋል። ወደ ጎን ያለው ደግሞ የገበሬው ማሳ ነው። ቢቸና ዙሪያ ያለውን ጥቁር አፈር፣ ነጭ ማኛ የሚበቅልበትን ሜዳ ያየ ሰው፣ አንድ ሄክታሩ በቪላ ግቢ ሲሸፈን ማየት ይመረዋል። ለገበሬው ካሳ ቢከፈለውም ካሳው ያልቃል፤ አፈሩ አይመለስም። ስለዚህ መሐል ከተማ ወደ ላይ ይገንባ የሚለውን እደግፋለሁ። 500 ካሬ ሜትር ላይ አንድ ዛኒጋባ ለዘላለም ይኑር አላልኩም።

ጥያቄዬ ማን ይገንባ፣ በምን ፍጥነት፣ ከታችና ከላይስ ማን ይኑርበት የሚለው ነው። ወደ ላይ መገንባት ማለት መኖሪያን አውጥቶ ሱቅ ማስገባት አይደለም። ከታች ሱቅ፣ ከላይ ባለቤቲቱና ተከራዮቿ፣ ከኋላ የገበሬው ማራገፊያ ሆኖ ሊሠራ ይችላል። የፕላን ባለሙያዎች ቅይጥ የሚሉት ይኸው ነው። አሜሪካኖች መኖሪያንና ንግድን በሕግ ለይተው ማስቀመጥን እ.ኤ.አ. በ1926 የዩክሊድ መንደር በጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ከረታች በኋላ በመላ አገራቸው አስፋፉት፤ ውጤቱ ዳቦ ለመግዛት መኪና የሚያስነሣ ሰፈር ሆነ። ጃፓኖች ሌላ መንገድ መረጡ። እጅግ ጸጥተኛ በሚባለው የመኖሪያ ቀጠናቸው እንኳ ሰው በቤቱ ውስጥ ሱቅ እንዲከፍት ይፈቀዳል፤ ሱቁ ከ50 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥና ከቤቱ ስፋት ከግማሽ በታች እንዲሆን ይጠየቃል። ይህን ሳነብ የጁቤ ታወሰችኝ። ያች የቆርቆሮ በር ሱቅ በጃፓን ሕግ ቦታ አላት፤ በኛ ፕላን ላይ ግን ወይ ቢጫ ወይ ቀይ ሁኚ እየተባለች ነው።

ሕጋችንም ቢሆን በር አልዘጋም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳና የመልሶ ማቋቋም አዋጅ ቁጥር 1161 መልሶ የሚለማ ቦታ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግልም ሆነ ተደራጅተው ለማልማት ቅድሚያ እንዳላቸው ይናገራል። አራት ጎረቤታሞች ቦታቸውን አጋጥመው አንድ ሕንፃ ቢሠሩ የመሬቱ ጌቶች ራሳቸው ሆነው ይቀጥላሉ። ይህ መብት ግን ብድር ከሌለውና ጊዜ ካልተሰጠው በወረቀት ላይ ብቻ የተቀመጠ ቅድሚያ ነው። ጊዜውን በተመለከተ ደግሞ የያዝነውን ዘመን መርሳት አይቻልም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ገበያ ሲፈታ፣ ትምህርት ሲቋረጥ ኖሯል። በእነዚህ ዓመታት ጥሪቱን ያልጨረሰ የመንገድ ዳር ቤተሰብ ጥቂት ነው። በዚህ መሐል «በሁለት ዓመት ፎቅ ሥራ» የሚል ቀነ ገደብ ማውጣት፣ ቦታውን በጦርነቱ ጊዜ ገንዘብ ላጠራቀመ ሰው በእጅ እንደማስረከብ ነው። ሰላም እስኪወርድና ገበያው እስኪቃና ድረስ የደረጃ ግዴታ በነባር ይዞታ ላይ ጨርሶ እንዳይጣል እጠይቃለሁ። አዲስ የሚሰጥ ቦታ ላይ ይጣል፤ ጅምላ ንግዱ፣ የጭነት መኪናው ማራገፊያ፣ ትልልቁ መጋዘንም ሰፊ ቦታ ወዳለበት ይሂድ።

ሌላው የውይይቱ ነገር ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው እንዲሳተፍ ያዛል። የምናውቀው ተሳትፎ ግን አዳራሽ ውስጥ የሚደረግ ነው፤ የሚጠራውም ካርታ ያለው ሰው። ተከራይ አይጠራም። ተማሪ አይጠራም። በየሳምንቱ አህያውን እዚያ ግቢ የሚያስረው ገበሬማ «የገጠር ቀበሌ ነዋሪ» ስለሆነ ጉዳዩም አይባልም፤ ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ግን እሱ ነው። ረቂቁ በገበያ ቀን ገበያው መሐል ይሰቀል፤ ማንበብ ለማይችል የሚያስረዳ ባለሙያ አጠገቡ ይቁም፤ አስተያየቱም እዚያው ይመዝገብ። ብዙ ወጪ የለውም፤ ጠረጴዛና አንድ ሸራ ይበቃል።

ምክር ቤቱ እጁን ከማውጣቱ በፊት አንድ ቆጠራ እንዲደረግም እፈልጋለሁ። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት ግቢዎች ውስጥ ስንት ሰው ተከራይቶ እንደሚኖር፣ ከእነሱ ስንቱ ተማሪ እንደሆነ፣ በምን ያህል እንደሚከራይ በየግቢው እየተዞረ ይጻፍ። ከዚያም መስከረም ሲጠባ አልጋና ምጣድ ተሸክመው ክፍል ፍለጋ የሚመጡትን የዘጠነኛ ክፍል ልጆች የት እንደምናስጠጋቸው፣ ቦታው በስሙ ተጠርቶ፣ በዚያው ፕላን ላይ ያሳዩን።