«ቶር ጫን፣ ማንም አያገኝህም» ለምትሉ ሰዎች

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡና ያለው ቡናውን ይዞ ያንብብ፤ የቸኮለ ሴቭ አድርጎ ማታ ይመለስበት። ግን አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ስሙንም የሚሠራበትንም ቦታ አልጠራም። «ቲቸር፣ ከሥራ ታገድኩ» አለኝ። ምን ሆነህ ነው ስለው ዘረዘረልኝ። በሚሠራበት ቦታ አንድ የግዢ ሰነድ ላይ ደስ የማይል ነገር አየ። ስሙን ደብቆ ሊጠቁም ወሰነ። ቶር ብሮውዘር ጫነ። ኢንክሪፕት የሚያደርግ ኢሜይል ከፈተ። አንድ ቪዲዮ ላይ «እነዚህን ሰባት አድ-ኦኖች ጨምሩበት» ሲባል ሰምቶ ሰባቱንም ጨመረ። ከዚያ ጥቆማውን በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር በዎርድ ጽፎ፣ ፋይሉን አያይዞ ላከው።

ጥቆማው ዞሮ ዞሮ አለቃው እጅ ገባ። የፋይሉ ፕሮፐርቲስ ተከፈተ። ጸሐፊው ማን እንደሆነ በሚያሳየው ቦታ ላይ የልጁ ስም ከነአባቱ ስም ቁጭ ብሏል።

ሰባት አድ-ኦን፣ ሦስት ቦታ የሚዞር ግንኙነት፣ የተቆለፈ ኢሜይል። ስሙ ግን ደብዳቤው ውስጥ አብሮ ሄደ።

«እርስዎ እኮ ነዎት ስለ ቶር መጀመሪያ የነገሩን» አለኝ። ሊወቅሰኝ ብሎ አልነበረም፤ እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። እውነቱን ነው። የአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው «ቶር የሚባል አለ፣ ማን እንደሆንክ አያሳውቅም» ብዬ፣ ደወል ሲደወል ጠመኔዬን አስቀምጬ ወጥቻለሁ። ግማሽ ትምህርት ሰጥቼ ሄድኩ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምወቅሰው ራሴን ነው። ግን እናንተንም አልምርም፣ በየቴሌግራም ቻናሉና በየቲክቶኩ «ይሄን ጫን፣ በቃ አለቀ» የምትሉትን።

ልጁ ያየውን ቪዲዮ እኔም ፈልጌ አየሁት። ማስታወቂያ የሚያግድ አለ፣ የሚተረጉም አለ፣ ስክሪን ፎቶ የሚያነሳ አለ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ነፃ ቪፒኤን። ሰውዬው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ እንኳ «ከማን ነው የምትደበቀው? ምኑን ነው የምትደብቀው?» ብሎ አልጠየቀም። ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

እስቲ እኔ ያኔ ያልጨረስኩትን ክፍለ ጊዜ ዛሬ ልጨርሰው።

ቶር የተጀመረው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ነው፤ ለሕዝብ የተለቀቀው በ2002 ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ደብዳቤ በሦስት ፖስታ ውስጥ፣ አንዱን በሌላው ከትተህ ላክ እንበል። የመጀመሪያው ሰው የላዩን ፖስታ ቀዶ ለሁለተኛው ይሰጣል፤ ሁለተኛው ለሦስተኛው፤ ሦስተኛው ለባለቤቱ ያደርሳል። የመጀመሪያው አንተን ያውቅሃል፣ ደብዳቤው የት እንደሚሄድ ግን አያውቅም። ሦስተኛው የት እንደሚሄድ ያውቃል፣ አንተን ግን አያውቅህም። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በላይ በላዩ ስለተደራረበ ነው ምልክቱ ሽንኩርት የሆነው።

አሁን ልብ በሉ። ሦስተኛው ሰው የመጨረሻውን ፖስታ ሲቀድ ውስጡ ያለው ደብዳቤ ራሱ ካልተቆለፈ ያነበዋል። ይሄ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ስዊድናዊ የደህንነት ባለሙያ አምስት የቶር መውጫ ኮምፒውተሮችን አቁሞ፣ የኤምባሲዎችንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ጨምሮ ብዙ የኢሜይል የይለፍ ቃል ሰበሰበ፤ መቶ ያህሉንም ይፋ አወጣ። ቶርን አልሰበረም። ሰዎቹ ያልተቆለፈ ኢሜይል በቶር ሲልኩ መውጫው ላይ ቆሞ አነበበ፣ በቃ። ቶር መንገዱን ይደብቃል፤ ደብዳቤውን መቆለፍ የሌላ መሣሪያ ሥራ ነው።

«እሺ ቲቸር፣ እሱንማ ኢንክሪፕት ያደረገ ኢሜይል ይፈታዋል» ትሉኛላችሁ። ግማሹን ይፈታዋል። ፒጂፒ እ.ኤ.አ. በ1991 ከወጣ ጀምሮ በተለመደው አሠራሩ የሚቆልፈው የደብዳቤውን ሆድ ነው። ከማን፣ ለማን፣ መቼ የሚለው ግልጽ ነው። ርዕሱም አብዛኛውን ጊዜ ግልጽ ነው። እኛ ደግሞ ርዕስ ላይ «ስለ አቶ እገሌ ሌብነት» ብለን በትልቁ ጽፈን፣ ውስጡን ብቻ በመቆለፋችን እንደሰታለን።

እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ «ኤፌይል» የተባለ ድክመት ይፋ ሆነ። የተቆለፈ ኢሜይልህ ቀድሞ እጁ የገባ ሰው፣ አጣሞ መልሶ ይልክልሃል። የኢሜይል ፕሮግራምህ ከፍቶ ሊያሳይህ ሲል፣ ውስጡ የተቀበረው የምስል አድራሻ የተፈታውን ጽሑፍ ይዞ ወደ ላኪው ይሄዳል። ቁልፉ አልተሰበረም፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። መድኃኒቱ ፕሮግራሙን ማደስና ኢሜይልን ያለ ምስል፣ በተራ ጽሑፍ ማንበብ ነው። ይሄን የነገራችሁ ስንት ቪዲዮ አለ?

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2021 ፕሮቶን ሜይል በስዊዘርላንድ ባለሥልጣናት ሕጋዊ ትእዛዝ የአንድ ፈረንሳዊ የአየር ንብረት ተሟጋችን የአይፒ አድራሻ መዝግቦ ለመስጠት ተገዷል። የደብዳቤው ይዘት ተቆልፎ ነበር። ከየት እንደገቡ ግን ታወቀ። ይዘትን መቆለፍና ማንነትን መደበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ከዚህ በላይ የሚታይበት ቦታ የለም። ኢሜይሉን በቶር ከፍተህ፣ ለመመዝገብ የራስህን ስልክ ቁጥር ከሰጠህ ወይም አንድ ቀን ቸኩለህ በተራ ዳታ ከገባህ፣ ያንን ሁሉ ድካም በአንድ ክሊክ አፈረስከው።

አሁን ወደ አድ-ኦን ልምጣ፤ የተናደድኩት በዚህ ነውና።

ጠዋት ሰልፍ ላይ አንድ ሺህ ተማሪ አንድ ዓይነት ዩኒፎርም ለብሶ ሲቆም፣ ከሩቅ ማን ማን እንደሆነ አትለይም። አንዱ ቀይ ጫማ አድርጎ ከመጣ ግን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከበሩ ላይ ሆኖ ይጠራዋል። ቶር ብሮውዘር ከፋየርፎክስ የተሠራ ነው፤ ሠሪዎቹ የደከሙበት ትልቁ ነገር ተጠቃሚው ሁሉ በድረ-ገጾች ፊት አንድ ዓይነት ዩኒፎርም እንዲለብስ ነው። የመስኮቱ መጠን ሳይቀር ተስተካክሏል። አንተ አድ-ኦን ስትጨምር ቀይ ጫማ አደረግህ። ሰባት ስትጨምር ኮፍያና ጃንጥላም ያዝክ። የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት ከተፈተኑት ተራ ብሮውዘሮች 83.6 በመቶው ከሌላው የሚለይ አሻራ ነበራቸው። ስም ሳይጠየቅ፣ የይለፍ ቃል ሳይነካ ማለት ነው። ለዚህ ነው የቶር ሠሪዎች ራሳቸው «ምንም አትጨምሩበት» የሚሉት። አስፈላጊ ያሉትን ኖስክሪፕትን አብረው አስገብተውታል።

ሁለተኛው ይብሳል። አድ-ኦን ሲጫን «በምትጎበኛቸው ድረ-ገጾች ሁሉ ያለህን መረጃ ማንበብና መለወጥ» የሚል ፈቃድ ይጠይቃል፤ እኛም ሳናነብ እሺ እንላለን። ኢሜይልህ መንገድ ላይ ተቆልፎ ይመጣል፣ ስክሪንህ ላይ ይከፈታል። ያ ፈቃድ ያለው አድ-ኦን የተከፈተውን ያነበዋል። የሚተረጉምልህ አድ-ኦን ለመተርጎም ጽሑፉን ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር መላክ ሊኖርበት ይችላል። ታዲያ የቆለፍከው ለማን ነው?

«ታዋቂ ነው፣ ሚሊዮን ሰው ይጠቀመዋል» አትበሉኝ። «ዌብ ኦፍ ትረስት» የሚባለው አድ-ኦን ሥራው የታመነ ድረ-ገጽ የቱ እንደሆነ መንገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የጀርመን ጋዜጠኞች የተጠቃሚዎቹ የጉብኝት ታሪክ እየተሰበሰበ እንደሚሸጥ አጋለጡ። «ግሬት ሰስፔንደር» የተባለው ደግሞ ለዓመታት የተወደደ ነበር። በ2020 ባለቤቱ ሸጠው፤ በ2021 መጀመሪያ ጉግል ጎጂ ነው ብሎ አወረደው። ስትጭነው ደግ የነበረ ነገር ነገ የማን እንደሚሆን አታውቅም።

ነፃ ቪፒኤንም ያው ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡ የሁላችንም ስልክ በነፃ ቪፒኤን ተሞላ። ማን ሠራው፣ ከምን ይበላል ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። «ሆላ» የተባለው ነፃ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን ኢንተርኔት ለሌሎች መውጫ አድርጎ እንደሚሸጥ የታወቀው ገና እ.ኤ.አ. በ2015 ነበር።

አንድ ሌላ ነገር፤ ቶር ስትጠቀም ምን እንደምታይ ባይታወቅም፣ ቶር መጠቀምህ ራሱ ሊታወቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የሃርቫርድ ተማሪ ከፈተና ለማምለጥ በቶር የሐሰት የቦምብ ማስፈራሪያ ላከ። መርማሪዎች ቶርን መስበር አላስፈለጋቸውም። በዚያ ሰዓት በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ቶር የተጠቀመ ማን ነው ብለው ፈለጉ፤ አገኙት፤ አመነ። ልጁ ጥፋተኛ ነበር። ትምህርቱ ግን ለንጹሑም ይሠራል፤ በሠፈሩ ብቻውን ጭንብል ያጠለቀ ሰው ጭንብሉ ያጋልጠዋል። እኛም አገር በግንቦት 2004 ዓ.ም. የቶር ግንኙነት ተለይቶ ተዘግቶ ነበር። «ብሪጅ» የሚባለው የቶር መግቢያ ያለው ለዚህ ዓይነት ነገር ነው።

«የሚደበቅ ነገር የሌለው ሰው ለምን ይደበቃል?» የምትሉም አላችሁ። ለእናንተ አጭር መልስ አለኝ። ደብዳቤ በፖስታ የምናሽገው ሌቦች ስለሆንን አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 በፖስታም፣ በስልክም፣ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያም የምንጻጻፈው እንዳይደፈር መብት ይሰጠናል። ግን የዋህ አልሁን፤ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሰሩት የዞን 9 ጦማርያን ክስ ውስጥ የዲጂታል ደህንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ጭምር ተነሥቶ ነበር። በኋላ ከእስር ወጡ፤ የጠፋው ጊዜ ግን አልተመለሰም። «ጫን፣ ማንም አያገኝህም» እያላችሁ ልጅ የምትልኩት ወደዚህ ዓይነት ዓለም ነው። በእውነት፣ እንቅልፍ ይወስዳችኋል?

በቃ፣ የቤት ሥራው ይኸውና፦

1. መጀመሪያ በወረቀት ላይ መልሱ፤ ከማን? ምኑን? ቢታወቅ ምን ይደርሳል?
2. ቶር ብሮውዘርን ከራሱ ከቶር ፕሮጀክት ብቻ አውርዱ። አድሱት። አድ-ኦን አትጨምሩ፣ መስኮቱን አትለጥጡ። ጥንቃቄ ከፈለጋችሁ በውስጡ ያለውን የደህንነት ደረጃ ከፍ አድርጉ።
3. ድረ-ገጹ ኤችቲቲፒኤስ ካልሆነ የይለፍ ቃል አታስገቡ።
4. የምትደብቁትን ኢሜይል በቶር ክፈቱ፣ ሁልጊዜም በቶር ግቡ። ስልክ ቁጥራችሁንና የድሮ ኢሜይላችሁን አትስጡት። በዚያው ጊዜ የራሳችሁን ፌስቡክ አትክፈቱ።
5. ርዕሱ ላይ ምንም የሚናገር ነገር አትጻፉ። ምስሎች በራሳቸው እንዳይከፈቱ አድርጉ።
6. ፋይል አታያይዙ፤ ጽሑፉን ኢሜይሉ ውስጥ ጻፉት። የግድ ከሆነ ፋይሉ ውስጥ ስም፣ ፎቶው ውስጥ ቦታና ሰዓት እንደሌለ አይታችሁ ነው። ያወረዳችሁትንም ፋይል ከኢንተርኔት ሳትወጡ አትክፈቱ።
7. የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተርና ዋይፋይ ለዚህ ሥራ አይሆንም።
8. ከማይጠበቅ ሰው የመጣ ፋይል አትክፈቱ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ውጭ አገር ላሉ የኢሳት ጋዜጠኞች በስካይፕ የሰላይ ፕሮግራም ያለበት ፋይል እንደተላከላቸው ሲቲዝን ላብ አሳይቷል። ኮምፒውተሩ ራሱ ከተያዘ ቶርም ፒጂፒም አያድንም።

ይሄን ሁሉ ብታደርጉም «ማንም አያገኝህም» አልላችሁም። እንደዚያ የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

ተማሪዬ ጉዳዩ ገና አልተቋጨም። የጻፈው ነገር እውነት ነበር፤ ድፍረቱም ትክክል ነበር። ያጣው ነገር ቢኖር አስተማሪው ክፍል ውስጥ ሊነግረው ይገባ የነበረ የሃያ ደቂቃ ትምህርት ነው። አባቶች ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለእኔም ነው። በዲፕሎማዬ ሊቅ ነኝ አልልም፤ ያነበብኩትን ግን ከእንግዲህ በግማሽ አላስተምርም።

የተሳሳትኩት ካለ ኮመንት ላይ አርሙኝ፣ አልቀየምም። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ይሄን አንብባችሁ «ቲቸር፣ እኔም አንድ ምስጢር አለኝ» ብላችሁ ኢንቦክስ እንዳትጽፉልኝ። የት እንዳለሁ ታውቃላችሁ። ኑ፣ ሻይ እየጠጣን በአካል እንነጋገራለን። ስልካችሁን ቤት ትታችሁ።