ፈረንሳይኛ በዝምታ

ፈረንሳይኛን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊማር ወደ ክፍል የገባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ከቋንቋው አንዲት ቃል ከመስማቱ በፊት ከእርሱ የሚጠበቀው ነገር ይነበብለታል። ደብተሩ በሁለት ቀለም ይጻፍ። ሳይፈቀድለት አይናገር። «ኤትር» እና «አቭዋር» የተባሉት ሁለት ግሦች እስከ ሰኞ በቃል ተጠንተው ይምጡ። በክፍል ውስጥ አማርኛም ሆነ ዐረብኛ እንዳይሰማ። የተሳሳተም ነጥብ ይቀነስበታል። ይህ የተለመደ ዝርዝር ከተማሪው እጅ፣ ከዓይኑና ከጸባዩ ብዙ ይጠብቃል፤ ከአፉ ግን ምንም አይጠብቅም።

ዝርዝሩ የሚነበብለት ልጅ ማን እንደሆነ ሲታሰብ ነገሩ የበለጠ ያስተዛዝባል። በታካ ተራሮች ግርጌ ባለችው በከሰላ ገበያ ቤጃ፣ ትግረ፣ ትግርኛ፣ ሐውሳና ዐረብኛ በአንድ ቀን ይሰማሉ። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኤርትራ፣ ኋላም ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ቤተሰቦች በዚህችው ከተማና በገዳሪፍ ዙሪያ ልጆች ወልደው አሳድገዋል። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የሰሜን ኢትዮጵያን ጦርነት የሸሹ ብዙዎች በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፈሩ። ከመተማ ማዶ በገላባት የሚውል ልጅ በአማርኛ ተጣልቶ በዐረብኛ ይታረቃል። አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው ሁለትና ሦስት ቋንቋ ሲለምድ የግሥ ሰንጠረዥ የዘረጋለት ማንም አልነበረም። ይህ ልጅ የፈረንሳይኛ ክፍል በር ሲያልፍ ግን እንደ ባዶ እንስራ ይቆጠራል፤ ይዞት የመጣው ሁሉ ከደጅ እንዲቀር ይታዘዛል።

ለመሆኑ ከደጅ የሚቀረው ምንድር ነው? የፈረንሳይኛው ተራራ፣ «ሞንታኝ»፣ የሚያበቃው በአማርኛው «ኝ» ነው። ቀን ማለት የሆነው «ዡር» የሚጀምረው በ«ዥ» ነው። ዐረብኛ ብቻ የሚናገር ልጅ «ፕ» እና «ቭ» ያስቸግሩታል፤ አማርኛ ተናጋሪው ግን ፖሊስና ቴሌቪዥን ሲል ኖሮ አፉን አስለምዷቸዋል። በአንጻሩ አማርኛ ብቻ የሚያውቀው ልጅ ከጉሮሮ የሚወጣውን የፈረንሳዮች «ር» ሲሰማ ይደናገጣል፤ «ገይን» የተባለውን የዐረብኛ ፊደል ከቁርኣን ወይም ከጎረቤት የሰማው የከሰላ ልጅ ደግሞ የመንገዱን ግማሽ አስቀድሞ ሄዷል። አንዱ ቋንቋ የነፈገውን ሌላው ይሰጣል። የሚቀሩት በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎችና ከንፈርን አሹሎ የሚነገረው «ኡ» መሰል ድምፅ ናቸው፤ እነዚህን ከሁለቱም ቋንቋ አያገኛቸውም። የመምህሩ ድካም መዋል የነበረበት እዚህ ላይ ነው፤ የሚውለው ግን የደብተር ኅዳግ በመለካት ነው።

በሰዋስውም በኩል እንዲሁ ነው። ፈረንሳዮች ወዳጃቸውን «ቱ»፣ የሚያከብሩትን «ቩ» ይላሉ፤ «ቩ» ደግሞ የብዙዎች መጠሪያም ነው። ይህን ለእንግሊዝ ልጅ ማስረዳት ጊዜ ይፈጃል። አንድን ሽማግሌ «እሳቸው መጡ» እያለ በብዙ ቁጥር ሲያከብር ላደገ አበሻ ግን ምኑ እንግዳ ነው? በዐረብኛ «እኔ ተማሪ ነኝ» ሲባል «ነኝ» የሚለው በቃል አይነገርም፤ አማርኛ ነኝ፣ ነህ፣ ነሽ፣ ነው እያለ እንደ «ኤትር» ለእያንዳንዱ ባለቤት ይለዋውጠዋል። ፀሐይ በዐረብኛ ሴት፣ ጨረቃ ወንድ ናቸው፤ በፈረንሳይኛ ፀሐይ ወንድ፣ ጨረቃ ሴት ይሆናሉ፤ አማርኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም በሴት ይጠራል። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተማሪው ይስቃል። የቃላት ጾታ እንደ አገሩ የሚለያይ ልማድ መሆኑን ያን ጊዜ ይረዳል፤ ሰንጠረዡ ይህን አይነግረውም።

አማርኛና ዐረብኛን የሚከለክለው ሕግ በበጎ አሳብ የወጣ ነው፤ ይህ አይካድም። ሁሉ ነገር በትርጉም ከተሰጠ ፈረንሳይኛው ይሰጥማል ተብሎ ይፈራል። ይሁንና ክልከላው በሚጸናባቸው ብዙ ክፍሎች የተከለከለውን ቋንቋ የተካው ፈረንሳይኛ አይደለም፤ ዝምታ ነው።

«ለመሆኑ ፈረንሳይኛ ለዚህ አገር ልጅ ምን ይረባዋል?» የሚሉም አሉ። መልሱ ከካርታው ላይ ይገኛል። ከኢትዮጵያ በምሥራቅ ጂቡቲ፣ ከሱዳን በምዕራብ ቻድ አሉ፤ የሁለቱም አገሮች የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። ዐረብኛን ከመንገድ ያገኘ ልጅ ፈረንሳይኛን ቢጨምርበት በሁለቱም በኩል በር ይከፈትለታል። አዲስ አበባ የተቀመጠው የአፍሪካ ኅብረትም ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ይኸው ነው።

ኢትዮጵያ ራሷ ይህን ቋንቋ በሁለት መንገድ ቀምሳዋለች። አንዱ የትምህርት ቤት መንገድ ነው፤ በ1908 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛን ከሚያስተምራቸው የውጭ ቋንቋዎች ጋር ሰጠ፣ በ1925 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ተከተለ። ሁለተኛው የሐዲድ መንገድ ነው። ከጂቡቲ የተነሣው ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ የኩባንያውን የሥራ ቋንቋ ይዞ ገባ። ሠራተኛው ቋንቋውን ከሥራው ጋር ለመደው፤ ትኬት የሚቆርጥና ዕቃ የሚያስረክብ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው መግባባትን ነው። የጣቢያው የፈረንሳይኛ ስም «ላ ጋር» በሕዝብ አፍ ተሰባብሮ «ለገሀር» ሆነ፤ ለሰፈሩም መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ባለው የነጥብ አቆጣጠር ለገሀር ስሕተት ተብሎ በቀይ ይሰመርበት ነበር።

በሱዳንም ፈረንሳይኛ በአንዳንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ የሚሰጥ የውጭ ቋንቋ ነው። ሰዓቱ ግን ጠባብ ነው። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱም 45 ደቂቃ ቢሆን፣ በ30 ሳምንት የሚገኘው 45 ሰዓት ነው። በክፍሉ 50 ተማሪ ቢኖርና ተራ በተራ ቢናገሩ፣ መምህሩ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ቃል ባይተነፍስ እንኳ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው 54 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. የካርቱሙ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ደግሞ የከሰላና የገዳሪፍ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ እስከመሆን ደርሰው ያም ሰዓት ሲቆረስ ታይቷል። እንግዲህ ተማሪው በቂ ጊዜ ይናገር ከተባለ ሁሉም ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ጊዜ ከመናገር በቀር ሌላ መላ የለም።

«ክፍሉ ገበያ ይሆናል» የሚለው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል። ተቃዋሚው ግን የገዛ አገሩን ትምህርት የረሳ ይመስላል። በቤተ ክርስቲያን የንባብ ትምህርት አንዱ ፊደል፣ ሌላው ዳዊት እያነበበ ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፁን ያሰማል፤ ትልቁም ታናሹን ያስቀጽላል። በሱዳን ኸልዋም ልጆቹ ሰሌዳቸውን ይዘው እያንዳንዱ የደረሰበትን ቁርኣን ከፍ ባለ ድምፅ ይቀራል። የኔታውም ሆነ ፈቂው በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል የአንዱን ልጅ ስሕተት ለይተው ይሰማሉ። ከሁለቱም ወገን ሊቃውንት ወጥተዋል። በእነዚህ ቦታዎች በቃል ማጥናት የለም ወይ ከተባለ፣ ሞልቷል፤ የሚጠናው ግን በድምፅ ነው። የግሥ ሰንጠረዥን አፍ ዘግቶ ከወረቀት ወደ ወረቀት መገልበጥን ከዚህ ጥንታዊ ልማድ ጋር ማዛመድ ለልማዱ ስድብ ነው።

ከጀማሪ ምን ሊጠበቅ እንደሚገባም የተሰወረ ነገር አይደለም። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የቋንቋ መመዘኛ ለመጀመሪያው ደረጃ የሚጠይቀው፣ ሰው ራሱንና ሌላውን ማስተዋወቅ እንዲችል፣ የት እንደሚኖር፣ ማንን እንደሚያውቅና ምን እንዳለው እንዲጠይቅና እንዲመልስ ነው። በዚያ ላይ አንድ ቅድመ ሁኔታ ያክላል፦ ተነጋጋሪው ቀስ ብሎ አጥርቶ ከተናገረና ለመርዳት ፈቃደኛ ከሆነ። መመዘኛው ከሚሰማውም ሰው ይጠብቃል ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በሚነበበው ዝርዝር ውስጥ ግን ከመምህሩ የሚጠበቅ አንድም መስመር የለም።

የቃል ፈተና ይኑር ሲባል ደግሞ ጊዜ የለም ይባላል። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሦስት ደቂቃ ቢመደብ ለ50ዎቹ የሚያስፈልገው 150 ደቂቃ ነው። በዓመት ካሉት 60 ክፍለ ጊዜዎች አራቱን እንኳ አይሞላም።