የሞተውን የቆጠረ አይታሰር



ጋዜጣ ዝም ሲል ምን እንደሚመጣ ወሎ ከማንም በፊት አይቷል። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ ራያንና የጁን ሲፈጅ፣ ገበሬው ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ሲወድቅ፣ የመንግሥት ጋዜጣና ሬዲዮ ነገሩን አዳፈኑት። ዓለም የሰማው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን ካሳየው በኋላ ነው። የእኛ ሕዝብ ፊልሙን በቴሌቪዥን ያየው መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት፣ ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው ነበር፤ ያውም ደርግ እንዲመቸው ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀጣጥሎ።

ቀጥሎ የሆነው ለሕግ ሰው የበለጠ ይከብዳል። መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ባለሥልጣናቱን እየጠየቀ ሳለ፣ ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ረሃቡን ማን እንዳወቀ፣ ማን ደብቁ ብሎ እንዳዘዘ በችሎት ሳይሰማ ቀረ። የወሎ ሙታን ፍርድ አላገኙም፤ ስማቸው ለሌላ ግድያ ማመካኛ ሆነ እንጂ።

ከ1997 ምርጫ በኋላም ያው ነው። በፓርላማ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አረጋገጠ። ሰብሳቢው ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ ግን አገር ጥለው ተሰደዱ፤ አባላቱ የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነው ብለው 8 ለ 2 ወስነው እንደነበር የተሰማው ከዚያ ወዲህ ነው። ለፓርላማ የቀረበው የዚህ ተቃራኒ ነበር። ጋዜጠኛ ሰርካለም ፋሲል በ1998 እስረኛ ሆና ልጇን ተገላገለች። የቆጠረው ተሰደደ፣ የጻፈችው ታሰረች፤ ተኩስ ብሎ ያዘዘው ባለሥልጣን ሲከሰስ አላየንም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 በሥራው የተጠረጠረን ጋዜጠኛ ለምርመራ በሚል ማሰርን ይከለክላል። ያም ሆኖ በ2016 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ስም ጋዜጠኞች አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ታጉረው ከርመዋል። (ጋዜጠኛንና ወታደራዊ ካምፕን ምን እንደሚያገናኛቸው የሕግ መምህሮቻችን አላስተማሩንም።) በዚያው ዓመት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በቦረና፣ በሳይንትና በለጋምቦ ያኔ የሆነውን ማን ጻፈው?

ፓርቲያችን ድምፃችሁን ካገኘ፣ የማንኛውም አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት ለምክር ቤት በቀረበበት ዕለት፣ የተለየ ሐሳብ ያላቸው አባላት ከጻፉት ጋር ሳይቆረጥ ለሕዝብ እንዲታተም በሕግ ያስደነግጋል። አስቸኳይ ጊዜ ቢታወጅም ጋዜጠኛ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ አይያዝም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 መሠረት ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን አስገድዶ መሰወርና ማሰቃየት በይርጋ አይታገዱም፣ በምሕረትም አይታለፉም፤ ይህ አንቀጽ በወንበሩ ላይ በተቀመጠው ላይም እንዲሠራ እናደርጋለን። ነገ እኛው ወንበሩ ላይ ብንሆንና አንዱ ሹማችን መካነ ሰላም ላይ ሰው ቢያስደበድብ፣ ጋዜጠኛው ስሙን ጠርቶ ይጻፍ፤ ዐቃቤ ሕግም ጋዜጣውን ይዞ ምርመራ ይጀምር።